ይድረስ ለእናቴ ልጅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአቡሽዬ፣

ትልቋ ልጄ «አጎቴ ጋ ስፖኬን ውሰጅኝ» እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች።

በደብዳቤ ያደረግኩት በስልክ ልነግርህ ስጀምር እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ባለፈው ክረምት ሌሊት ደውለህ «መንጋቱ አስፈራኝ» ስትለኝ፣ «ጸልይና ተኛ» ብዬ ዘጋሁት። ጸሎቱን ማለቴ ልክ ነበር፤ መዝጋቴ ግን ልክ አልነበረም። ይቅር በለኝ። ያ ጓደኛህ፣ እግዜር ይስጠውና፣ መጥቶ አብሮህ አደረ።

ባለፈው «የካውንቲ ስብሰባ ምን ያደርግልሻል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። የስልክ ቢልህን አውጣና እየው። ከታች፣ ታክሶቹ ከተደረደሩበት፣ 988 የሚል አለ፤ 40 ሳንቲም። ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2021 በ24 ሳንቲም ጀምሮ በ2023 ከፍ ያደረገው ነው። ከእያንዳንዱ መስመር በየወሩ ይሰበሰብና፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲደውል ለሚያነሱት፣ ሲያስፈልግም ያለበት ድረስ ለሚሄዱት ሠራተኞች ይውላል። 988 በመላው አሜሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 2022 ነው። ስቴቶች እንዲህ ከስልክ እንዲሰበስቡ የ2020ው የፌዴራል ሕግ ፈቅዷል፤ ሁሉም ግን አላደረገውም። ቁጥር ብቻውን ምን ያደርጋል፣ አቡሽዬ? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሠለጠነ ሰው ነቅቶ መቀመጥ አለበት። ያ ሰው ደግሞ የቤት ኪራይ ይከፍላል።

እኛ የእድር ልጆች ነን። አንድ ልጃችን ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ገንዘቡ በሁለት ቀን ይሞላል። ልቅሶ ቤት «ድንገተኛ ነው» ይባላል፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ጠያቂም የለም። ስንት ጊዜ እንደዚያ ተቀምጬ ተነሳሁ! ያ 40 ሳንቲም ለእኔ ሰው በቁሙ ሳለ የሚዋጣለት እድር ነው።

በዚሁ በኛ ስቴት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጠይቀው የራሳቸውን መስመር አገኙ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ 988 ደውሎ 4ን የሚጫን ሰው የሚያነሳለት የገዛ ወገኑ ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ይህን ስሰማ ቀናሁ፤ አልደብቅህም። ለኛ አስተርጓሚ አለ፣ ይህንም አትናቀው። አንተ ግን ያን ሌሊት «በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ልንገራቸው?» ብለህ 988 መደወሉን ተውከው። አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረህ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ደግሞስ «ሆድ ባሰኝ» የሚለውን በሌላ ሰው አፍ ማስተላለፍ እንዴት ይቻላል? እናታችን በር ላይ ቆማ አንተን ስትሸኝ የነበረውን ዝምታ ማን ይተረጉመዋል?

ወደ ካውንቲው ስብሰባ የምሄደው ለዚህ ነው። የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ድምፅ ሰጥቶ፣ በዘጠኝ ዓመት እስከ 1.25 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ የንብረት ታክስ አጽድቋል። ጭንቀት የጠናበት ሰው ቀጠሮ ሳይዝ የሚገባባቸው አምስት ማዕከላት ይከፈቱበታል፤ አንዱ ለወጣቶች ነው። እኔ ያኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ ወረቀቱ ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤ አሁንም ይቆጨኛል። ገንዘቡ የሁላችንም ነው፤ ከተቀጣሪዎቹ መካከል አማርኛ የሚናገር፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ይኑር ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም። የሁለት ደቂቃ ንግግሬን በወረቀት ጽፌያለሁ። የአንተን ስም አላነሳም። «ወንድም አለኝ» ብቻ እላለሁ።

አንተም እዚያ ስፖኬን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ስለ ቁጥሩ ንገርልኝ፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን።

ሌሊቱ ሲከብድህ 988 ደውል፤ «አማሪክ» በልና አስተርጓሚው እስኪገባ ጠብቅ፣ አትዝጋው። ለእኔም ደውልልኝ። ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የማድረው።

የምትወድህ እህትህ፣
ከሲያትል