ፀጉሩን ሳይነኩ መቁረጥ

ልጄ ለልደቷ የጠየቀችኝ የጉሬዛ ጫማ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ የጥንቸል፣ የድብ፣ የድመት ፊት ያለው ፀጉራም የቤት ጫማ አላቸው። እዚህ ሚኒሶታ ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ፤ የቤት ጫማ የሌለው ሰው አላጋጠመኝም። የኔዋ ግን ባለፈው ሐምሌ አምቦ ከርመን ስንመለስ ጊንጪ ላይ ወርደን ጭሊሞ ደን ይዣት ገብቼ ነበር። ጉሬዛው ከጽድ ወደ ዝግባ ሲዘል፣ ከትከሻው የሚወርደው ነጭ ፀጉር አየር ላይ እንደ ካባ ሲዘረጋ አየች። ከዚያ ወዲያ የጥንቸል ጫማ በዓይኗ አልሞላም።

የጉሬዛ ጫማ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጌ አጣሁ። እውነተኛው የጉሬዛ ቆዳ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም፤ ዱሮ ለምንጣፍና ለጌጥ ሲባል ብዙ ጉሬዛ አልቋል። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር ግማሽ ግማሽ ያርድ ገዝቼ ልሰፋላት ተቀመጥኩ። እግሯን ወረቀት ላይ አሳርፌ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ፤ ለስፌት አንድ ሳንቲ ሜትር ጨመርኩና መቀስ አነሳሁ። ሦስት ጊዜ እንደቆረጥኩ ጠረጴዛው፣ ወለሉ፣ የሻይ ስኒዬ ሳይቀር ፀጉር ለበሰ። ጠርዙ ደግሞ በመቀስ የተላጨ ራስ መሰለ።

ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የሚሰበሰቡ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ ቁራጩን ይዤ ወደ እነሱ ሄድኩ። ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ጨርቁን ተቀብለውኝ ገለበጡት። ፀጉሩ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆነ። ከቦርሳቸው ምላጭ አወጡና ጨርቁን በግራ እጃቸው ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አድርገው የጀርባውን ሽመና ብቻ፣ መስመሩን ተከትለው፣ ቀስ እያሉ ሰነጠቁት። ከዚያ ግራና ቀኙን በጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ፀጉሩ በራሱ ተለያየ። አንዲት ዘለላ አልረገፈችም።

ዝም ብዬ ቆምኩ። ያንን አቆራረጥ አውቀዋለሁ። አምቦ፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ባደግኩበት ቤት በረንዳ ላይ አያቴ አጎዛ ሲያስተካክሉ ልክ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እኛ አኮ ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ፀጉሩን ወደ ታች አድርገው፣ ምላጩን ከቆዳው በኩል ብቻ እየነዱ፣ “ፀጉሩን አትንኪው፣ እሱ ራሱ መንገዱን ያውቃል” ይሉኝ ነበር። ሴትዮዋ አምቦን በካርታ ላይ እንኳ አያውቋትም። እጃቸው ግን የአኮን እጅ አመጣብኝ።

የአጎዛው ሥራ የሚጀመረው በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። የታረደው በግ ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ያድርና ፀጉሩ ወደ መሬት ሆኖ በችካል ይወጠራል። የቀረው ሥጋና ሞራ በስለት ይፋቃል። ከዚያ አሬራ ይጠጣል፣ የእምቧይ ፍሬ ተጨፍልቆ ይቀባበታል፣ ይጠቀለላል፣ ይፈታል። ሲደርቅ እንደ ጣውላ ስለሚገተር በእጅም በእግርም እያሹ ማልፋት ይመጣል። አማርኛ ለደከመ ሰውም ለለሰለሰ ቆዳም “ለፋ” የሚል አንድ ቃል ነው ያለው። ያንን ሥራ ያየ ሰው ሌላ ቃል አይፈልግም።

የሚለፉት ግን አኮ አልነበሩም። ከከተማው ዳር የሚኖሩ አንድ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ቆዳውን ተረክበው ይሄዱና በሁለት ሳምንት ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት አጎዛ ተሸክመው ይመለሳሉ። አኮ የሚቀራቸው ጠርዙን በምላጭ ማስተካከል ብቻ ነው። ሰውዬው ሲመጡ ቡና ይሰጣቸዋል፤ የሚሰጣቸው ግን ደጅ ነው። የሚጠጡበት ስኒ ከግድግዳው ሥር ለብቻው ተደፍቶ የሚቀመጥ፣ ከእኛ ስኒዎች ጋር የማይታጠብ ነበር። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ያ ስኒ የሳቸው ንብረት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያመኛል። እጃቸው ያለሰለሰው አጎዛ ላይ እየተኛን፣ እንግዳ መጣ ሲባል እሱኑ እያነጠፍን፣ ባለ እጁን ከደጃፉ አላሳለፍናቸውም። ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ በጋብቻ የሚገለለው ሰው በምዕራብ ሸዋ ብቻ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነበር። እኔ ግን የማውቀው የአምቦውን ስኒ ነው።

እዚህ ቆዳ አልፍቶ የሚሰፋ ሰው ባለ ጥበብ ነው የሚባለው። ከፍሎ የሚማርበት ወረፋ ይይዛል። ከዚህ ምድር የጥንት ባለቤቶች መካከል የሆኑት ኦጂብዌዎች ከአጋዘን ቆዳ ሞካሲን የሚባለውን ለስላሳ ጫማ በጅማት ይሰፉ ነበር፤ ዛሬም አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ያስተምሩታል። ስለዚያ ሥራ የሚናገሩበትን አክብሮት ስሰማ ሁልጊዜ ያ የተደፋ ስኒ ይታየኛል።

ልጄ “ለምን ከእውነተኛ በግ አትሠሪውም?” አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው በጎቹ ላይ ነው። የኛ አገር የምዕራቡ በግ ሱፍ የለውም፤ አጭር፣ ወደ አንድ ወገን የተኛ ፀጉር ነው ያለው። ሱፍ የሚፈልግ ወደ መንዝ ይሄዳል፤ ባናና ዘተት የሚሠራው ከመንዝ በግ ሱፍ ነው። በሱፋም በግ ቆዳ ውስጥ የሱፉ ሥርና ስቡ ቦታ ስለሚይዝ ቆዳው ላላ ይላል፤ የፀጉራሙ በግ ቆዳ ግን ጥቅጥቅ ብሎ የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የተጠራው ለዚህ ነው። ስስ ሆኖ አይቀደድም፤ የጎልፍ ጓንት ሳይቀር ይሠራበታል። ለቤት ጫማ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የፈረንጁ በግ ቆዳ ወፍራም ሱፉ አየር ስለሚይዝ እግር ያሞቃል፤ አጎዛችን ከእግር ጋር አብሮ ይታጠፋል፣ አይቀደድም፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል። ገበሩን ከባና ወይም ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቢያደርጉለት የሚስተካከል ይመስለኛል።

ታዲያ አጎዛ በያለበት አገር ለምን የአጎዛ ጫማ አልለመድንም? ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ ምክንያት ወለላችን ነው። እዚህ ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ከዚያ የሚረግጠው ጣውላ ወይም ምንጣፍ ነው፤ የቤት ጫማው አይቆሽሽም። አኮ ቤት ወለሉ በእበት የተለቀለቀ መሬት ነበር። ማድ ቤትና ጓሮ መሐል ደግሞ ደፍ እንጂ ሌላ ወሰን የለም። ፀጉራም ጫማ በእንዲህ ያለ ቤት አንድ ቀን አይውልም። እናቴ ቤት ውስጥ የምታደርገው የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር፤ ውሃ ደፋ ሲያደርጉበት ይጠራል።

ነገሩ ከንጽሕናም ያልፋል። በምዕራብ ሸዋ ደጋ ሰዎች እግራቸው እያበጠ የሚሰቃዩበት፣ ዝሆኔ የምንለው በሽታ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲመራመሩ፣ በትንኝ የማይተላለፈው ዓይነት የሚመጣው ባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ለዓመታት ሲረግጥ መሆኑን አሳዩ። ደቃቁ ማዕድን በቆዳ ይገባና የውስጡን ቧንቧ ይዘጋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይኸው በሽታ በምዕራብ ሸዋ ሚዳቀኝ ወረዳ በብዛት እንደሚገኝ አረጋግጧል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እግር ማልበስ ለኔ ቀላል ነገር መሆኑ ቀርቷል። አፈሩ ወለል በሆነበት ቤት እግር ቤት ውስጥም መሸፈን አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ታች ጎማ ያስፈልጋል።

ጎማውን አገራችን ያውቀዋል። በረባሶ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ ስንቱን ገበሬና ወታደር ተሸክሟል። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር ያንኑ የጎማ ሶል ወስዳ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ጋር አዋሐደችውና ለዓለም ሸጠችው። ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መታከሚያ የሆነው አለርት ሆስፒታል ያለበት፣ ሰው ፊቱን ያዞረበት ሰፈር ነበር። የተናቀ እጅ፣ የተናቀ ጎማ፣ የተናቀ ሰፈር፤ ከዚያ የወጣውን ጫማ ሳይ እኮራለሁ።

አምቦ ላይ ሴት ልጅ የእጅ ሥራ አጥታ አታውቅም። ዳንቴል፣ ጥልፍ፣ ሹራብ፣ ሁሉም ቤት አለ። ጫማ ግን ከሱቅ ይገዛል፤ ልብስ ደግሞ በረንዳ ላይ የእግር መኪና ዘርግቶ ለተቀመጠው ሰፊ ይሰጣል። ቤት የተሰፋ ጫማ አድርጎ መውጣት “ቸገራት” ያሰኛል። እዚህ ሰው የሚሰፋው ጊዜ ስላለውና ስለሚወድ ነው፤ ከሱቁ ይረክሳል ብሎ የሚጀምር ካለ ተሳስቷል። ጨርቁ፣ ስፖንጁ፣ የማያንሸራትተው የታች ጨርቅ ተደምሮ የተሰፋውን ከመግዛት ይበልጣል። በ1943 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ ላይ የተጀመረው ጆአን የጨርቅ መደብር ወደ 800 የሚጠጉ ሱቆቹን ዘግቶ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ከሰፈራችን ጠፋ። በመዝጊያው ሰሞን ሴቶች ባዶ መደርደሪያ መሐል ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ጨርቅ ዳስሶ መግዛት ለለመደ ሰው ትልቅ ሐዘን ነው። ፀጉር ጨርቅ በተለይ ሳይዳስሱት አይገዛም፤ ፀጉሩ ወደየት እንደተኛ እጅ ካልሄደበት አይታወቅም።

የጉሬዛውን ጫማ በሦስት ማታ ጨረስኩት። ጥቁሩ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጣት እንዲተኛ፣ ነጩ ግራና ቀኝ እንዲፈስ አደረግኩ። ስፌቱ ላይ ፀጉሩን በጣት ወደ ውስጥ እየከተቱ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥመው በእጅ መዘምዘም ነው። ካውያ አይነካውም፤ ይቀልጣል። ሲገለበጥ ስፌቱ እንደ ጠባሳ ይታያል። ያን ጊዜ በመርፌ ጫፍ ስፌቱ የዋጠውን ፀጉር አንድ በአንድ እየጎተቱ ያወጡታል። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ መጨረሻ ላይ ግን ስፌቱ የት እንደነበር እኔም አላገኘሁትም።

ፎቶውን አምቦ ላለችው አክስቴ ላክሁላት። “ይኼ የታረደ ነገር ነው?” አለችኝ ደንግጣ። ሰው ሠራሽ መሆኑን ነግሬ፣ ከአጎዛም ሊሠራ እንደሚችል ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ “አንቺ ልጅ፣ አጎዛ ይቀመጡበታል እንጂ ይረግጡታል እንዴ? እናታችን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?” አለች። ትክክል ነች፤ ለእንግዳ የሚነጠፍ ነገር እግር ውስጥ ማስገባት እኔንም ከብዶኝ ነበር። “አኮ እግራቸው ኅዳርና ታኅሣሥ እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር ታስታውሻለሽ?” አልኳት። አሁንም ዝም አለች።

የቆዳውን ነገር ስጠይቃት አዘነች። በልጅነታችን በዓል ሲያልፍ “ቆዳ! ቆዳ ያለው!” እያለ የሚዞር ነበር፤ ዛሬ የሚገዛው ጠፍቶ ቆዳው ቦይ ውስጥ ተጥሎ ውሻ ይጎትተዋል አለችኝ። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ቆዳው እዚሁ አልቆለት እንዲወጣ ብሎ በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የውጭ ንግድ ታክስ ጥሎ ነበር። የአምቦ ቦይ ውስጥ ያለው ቆዳ ግን ወደ ውጭም አልወጣ፣ ውስጥም አልለፋ። ያ ቆዳ የሚያለፉልን ሰውዬ አርፈዋል። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ የአባቱ ሙያ እንዲነሣበት አይፈልግም። አልፈርድበትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስቴ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የገናውን በግ ቆዳ ራሷ በጨውና በአሬራ አልፍታዋለች፤ እጇ መላጡን፣ ትከሻዋ መያዙን ነገረችኝ። በምላጭ ከጀርባው ቆርጣ፣ ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ በወስፌ እየበሳች ሰፍታዋለች። ገበሩ ከአሮጌ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው፤ ታቹን ጎማ ያስደረገችው ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ነው። ጫማ ሰፊው ስፌቱን አገላብጦ አይቶ “ማን ሠራልሽ?” እንዳላት ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ።

“የግራውን ጨርሻለሁ” አለች። “ለቀኙ ቆዳው አነሰኝ። የፋሲካውን በግ እጠብቃለሁ።”