ኮርቻውና የፈረሱ ጀርባ

ሁለቱ ኮርቻዎች መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው የአያት ውርስ ነው፤ ጠፍሩ በላብ ጠቁሯል፣ የፊት መያዣው በእጅ ብዛት ለስልሷል። ሁለተኛው በአሮጌው አምሳል ተሠርቶ ከገበያ የተገዛ፣ በቀይ ከፈይ የተለበጠ፣ ዘርፈ ብዙ አዲስ ኮርቻ ነው። የዳንግላው መምህር ከፊታቸው ቆሞ ያመነታል። ጥር 23 ቀርቧል፤ እንጅባራ ፈረሰኞቿን ትጠብቃለች።

ይህች ቀን ለአዊ ሕዝብ የጉግስ ጨዋታ ቀን ብቻ አይደለችም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከአርበኛው ጋር የዋለውን ፈረስ ውለታ ለማሰብ ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረቱ፤ የአዊ ገበሬ ግን ማድረስም ውለታ መሆኑን ዐውቆ ለፈረስ በዓል ሠራለት። ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ያዘነ ያጽናናሉ፣ የሞተ አባላቸውን በፈረስ አጅበው ይቀብራሉ። እንግዲህ በዚያ ሜዳ በምን ኮርቻ መታየት ይገባል ብሎ መጨነቅ ከንቱ ጌጠኝነት አልነበረም።

የመምህሩ ልብ ወደ አሮጌው አደላ። የአሮጌው ርካብ ጠባብ የብረት ቀለበት ሲሆን የባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ ያስገባል፤ የጥንቱ ፈረሰኛ ርካብ የሚረግጠው በአውራ ጣቱ ነበርና። አንድ ቀን ጫማ ቢያወልቅ ምን ይጎዳል? ታላቅ እኅቱ ግን አልተስማማችም። «አንተ ወንድሜ፣ በዚህ አሮጌ ብትታይ ደመወዙ አልደረሰውም ይሉሃል» አለችው።

ክርክሩን የቆረጡት አንድ ኮርቻ ሠሪ አዛውንት ናቸው። መምህሩ ሁለቱንም አሸክሞ ቢሄድ፣ «ኮርቻውን ተዉትና ፈረሱን ያምጡት» አሉት። ፈረሱ መጣ። አዛውንቱ በጀርባው ላይ አመድ ነሰነሱ፤ ኮርቻዎቹን በየተራ ጭነው፣ መምህሩን አስቀምጠው አወረዱት። ከዚያም አመዱ የተጠረገበትን ስፍራ በጣታቸው አሳዩት።

በመሠረቱ ኮርቻ ሁለት ሳንቃ ነው። ሳንቃዎቹ በግራና በቀኝ በጎድን ላይ ያርፋሉ፤ በመካከላቸው የአከርካሪው መንገድ ክፍት ይቀራል። አሮጌው ምስማር አያውቅም፤ እርጥብ ጥሬ ቆዳ ይሰፋበታል፣ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን አንድ አካል ያደርገዋል። ነገር ግን የተጠረበው ጀርባው ለሾለ ለሌላ ፈረስ ነበር፤ በዚህ በሰፊው ጀርባ ላይ የሳንቃዎቹ ጠርዝ ይቆረቁራል። አዲሱ ደግሞ በምስማር ተጋጥሞ፣ በስፖንጅ ተሞልቶ፣ የአከርካሪው መንገድ ተዘግቷል፤ ሰው ሲቀመጥበት ሸክሙ በአጥንቱ ላይ ይወድቃል። ሠሪው ዓይን የሚያየውን ቀድቶ ፈረስ የሚያውቀውን ትቶታል። ወራሹም በበኩሉ ትዝታውን ሲያከብር ፈረሱን ዘንግቷል።

«ሁለቱም ገጣባ ያወጡበታል» አሉ አዛውንቱ።

«እንግዲያው ምን ይሻላል፣ አባቴ?»

«አሮጌውን እዚህ ይተዉልኝ። አሠራሩን ከእርሱ፣ ልኩን ከዚህ ጀርባ ወስጄ ሌላ እጠርባለሁ። ለበዓሉ ግን አይደርስም፤ ቆዳው ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ዋጋውንም ይቀንሱ፤ በምትኩ ልጅዎን ቅዳሜ ቅዳሜ ይላኩልኝ። የእኔ ልጆች ስድቡን ፈርተው ሙያውን ተዉት።»

መምህሩ ዝም አለ። በክፍል ውስጥ ስለ ሥራ ክቡርነት ለዓመታት ያስተማረ አንደበቱ ተሳሰረ። በየበዓሉ ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ሲወደስ፣ ኮርቻውን የሠራው እጅ «ፋቂ» እየተባለ እንደኖረ ያውቃል። ይህን ንቀት በቃል ማውገዝ ቀላል ነበር፤ አሁን የተጠየቀው ግን የገዛ ልጁን ነው። ማታ እኅቱ «ልጅህን ፋቂ ልታስብለው ነው?» ብላ ስትጮኽ፣ ድምፅዋ ውስጥ የራሱን ፍርሃት ሰማ።

በዓሉ ሲደርስ፣ ዳንግላን ከእንጅባራ የሚለየውን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በእግሩ ሄደ፤ ፈረሱን ልጓምና ግላስ ብቻ አድርጎ እየሳበ። ተሸልሞ ያለ ፈረሰኛ የሚሳብ ፈረስ የሐዘን ምልክት ነውና በሜዳው ላይ «ማን ሞተብህ?» ያሉት ብዙ ነበሩ። «ማንም አልሞተም፤ ልኩ የሆነ ኮርቻ ስለሌለኝ ነው፤ እንዳይቆስልብኝ» ይላቸዋል። የሳቁበት ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ግን ከፈረሳቸው ወረዱ፤ ግላሱን ገልጠው እጃቸውን ከኮርቻው ሥር አስገቡና ጥቂት ዳሰሱ፤ ሲያወጡት አዩት። ከዚያ በኋላ እርሳቸውም ፈረሳቸውን እየሳቡ ከመምህሩ ጎን ተራመዱ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ልጁ በአዛውንቱ ደጅ ተቀምጦ ጥሬ ቆዳ ይፍቅ ነበር። አሮጌው ኮርቻ ከፊቱ ተቀምጧል፤ ስፌቱ በከፊል ተተርትሮ ውስጡ ይታያል። መምህሩ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አንድ መንገደኛ «ያ ልጅ የማን ነው?» አለው።

«የእኔ ነው» አለ መምህሩ፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም።