አሸዋ የዋጠው መርከብ፣ አሸዋ የዋጠው ሐዲድ

መርከብ ከባሕር ወጥቶ በረሃ ላይ ተጋድሞ አይተው ያውቃሉ? በናሚቢያ ከስዋኮፕሙንድ ከተማ በትንሽ አውሮፕላን ተነሥተው የአትላንቲክን ዳርቻ ወደ ደቡብ ሲቃኙ ይህንኑ ያያሉ። «ኤድዋርድ ቦለን» የተባለው የጀርመን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1909 በጭጋግ ውስጥ መንገዱን ስቶ እዚህ አሸዋ ላይ ተቀረቀረ። ከዚያ ወዲህ በረሃው ባሕሩን እየገፋ ስለሄደ፣ የዛገው አካሉ ዛሬ ከውሃው 400 ሜትር ያህል ርቆ ግማሽ ጎኑ ተቀብሮ ይገኛል።

ጥፋቱ የካፒቴኑ ብቻ አይደለም። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ሞገድ በላዩ ያለውን እርጥብ አየር ስለሚያቀዘቅዘው፣ ዳርቻው ብዙ ጊዜ በጭጋግ ይሸፈናል። ሰሜናዊው ክፍል «የአፅም ዳርቻ» የሚል ስም ይዟል።

ከመርከቡ ወደ ሐዲዱ እንለፍ። ከዊንድሁክ ወደ ወደብ ከተማዋ ሉደሪትስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጆች ከያዙ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ይደሩ። አውስ የተባለችውን ትንሽ ከተማ እንዳለፉ ጋሩብ የሚባል የተተወ የባቡር ጣቢያ ያገኛሉ። ለእንፋሎት ባቡሮች ተብሎ የተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ዛሬ የሚያጠጣው ባለቤት የሌላቸውን የበረሃ ፈረሶች ነው። ከአያቶቻቸው ስለ ጅቡቲው አሮጌ ባቡር የሰሙ ልጆች ካሉዎት፣ ከዚህ ቦታ አስነሥቶ መውሰዱ ይከብድዎታል።

ሉደሪትስ ሊደርሱ 10 ኪሎ ሜትር ሲቀርዎት ኮልማንስኮፕ አለች። ሆስፒታል፣ የበረዶ ፋብሪካና የቦውሊንግ መጫወቻ የነበራት የአልማዝ ከተማ ናት፤ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1956 ለቀው ሄዱ። አሁን በሮቹን የሚከፍተውም የሚዘጋውም አሸዋ ነው። ሳሎን ቤት ውስጥ የአሸዋ ቁልል ሲያዩ ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ግን «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ያኔ የዘካርያስ ለዋላን ታሪክ ይንገሯቸው። ለዋላ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በ1908 ከሐዲዱ ላይ አሸዋ ሲጠርግ አንድ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አግኝቶ ለአለቃው ለአውጉስት ስታውክ አሳየው። አልማዝ ነበር። ስታውክ በሀብት ናጠጠ፤ ለዋላ ግን ሽልማት አላገኘም።

ሐዲዱ ራሱም ሌላ ታሪክ አለው። ከሠሩት መካከል ጀርመኖች በሉደሪትሷ ሻርክ ደሴት ያጎሯቸው የሄሬሮና የናማ ሕዝብ ምርኮኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በረሃብ፣ በብርድና በድካም አለቁ። ዛሬ በዚያ ቦታ ቱሪስቶች ድንኳን ተክለው ያድራሉ። እርስዎም ሲደርሱ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ለልጆችዎ የማን መሬት እንደሆነ ይንገሯቸው። የዛገ ብረት ያምራል፤ ያነጠፈውን እጅ ሳያስቡ ማለፍ ግን ነውር ነው።

ለጉዞዎ፦ ኮልማንስኮፕን በጠዋት ይጎብኙ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አሸዋ ይረጫል። መግቢያ ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ። ሽፍን ጫማ ያድርጉ። በረሃ ነው ብለው ደግሞ ጃኬት እንዳይረሱ፤ ጭጋጉ ሲወርድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።