የጠላቂው መጽሐፍ ዋጋ

ውኃ በጀሪካን ተለክቶ በሚገዛበት፣ ዝናብ ሲዘገይ ግመሉም ባለግመሉም በሚጨነቅበት በሞያሌ ምድር ተቀምጦ ስለ ባሕር ጠላቂዎች ትምህርት መጻፍ፣ ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁንና ባሕሩ በጦር ሰፈራችን ከሚኖሩ እኅቶች በአንዲቱ እቁብ በኩል ከቤታችን ገብቷልና፣ ውድ ጓዶችና ውድ እኅቶች፣ ጉዳዩን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ታናሽ ወንድም ድንበሩን ተሻግሮ፣ ከሄሉ አውቶቡስ ተሳፍሮ በናይሮቢ በኩል ወደ ሞምባሳ ከወረደ ዓመታት ተቆጥረዋል። መጀመሪያ ለጎብኚዎች የአየር ሲሊንደር እየተሸከመና ጀልባ እያጠበ ኖረ። ቆይቶ ራሱ መጥለቅን ተማረ፤ ደረጃ በደረጃም ወጥቶ ዳይቭማስተር የሚሉት የጠላቂዎች መሪ ለመሆን በቃ። የቀረው የአሠልጣኝነት ማዕርግ ነው። እኅቱም እቁቧ በወጣላት ጊዜ፣ ለቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ያሰበችውን ገንዘብ ወደ ኮርሱ አዞረችው፤ ከሄሉ የኤምፔሳ ሱቅም ላከችለት። ነገሩ አለቀ ብላ ዕረፍት በተሰማት ሰሞን ሁለተኛ ወረቀት መጣ። የኮርሱ ክፍያ ተከፍሏል፤ የኮርሱ መጻሕፍትና መሣሪያ ግን ገና ነው ይላል። ድምሩ ከኮርሱ ክፍያ እኩሌታ የሚበልጥ ነበር።

በቤታቸው ክርክር ተነሣ። ባልየው ልጁ ያጭበረብራል ወደማለት አዘነበለ፤ ሚስትየዋ ደግሞ ወንድሜ ሌባ አይደለም ብላ አለቀሰች። በመጨረሻ ሁለቱም ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። “ሻምበል፣ እስቲ ያንብቡልን፤ እውነት መጽሐፍ ይህን ያህል ያወጣል?” አለችኝ።

ዝርዝሩ ውስጥ የአሠልጣኙ መመሪያ መጽሐፍ አለ። በየደረጃው ለተማሪ የሚሰጡት መማሪያዎች አሉ። በባሕር ውስጥ መናገር አይቻልምና፣ አሠልጣኙ የሚያሳያቸውን ልምምዶች በተርታ የያዙ ከፕላስቲክ የተሠሩ ሰሌዳዎች አሉ። የመጀመሪያ እርዳታን ለማስተማር የሚያበቃ ሌላ ኮርስ፣ የፈተና ክፍያ፣ የማመልከቻ ክፍያ፣ ከ12 ወር ያልበለጠው የሐኪም ማረጋገጫም ተጨምረዋል። ልጁ አላታለለም። ትምህርት ቤቱ የሚሸጠው ማስተማርን ነው፤ መጻሕፍቱንና ፈተናውን የሚያወጣው ግን ማዕርጉን የሚሰጠው ማኅበር ነው። ከእነዚህ ማኅበራት ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተው ፓዲ ነው። በእርሱ ደንብ መሠረት እጩው አሠልጣኝ ኮርሱን ለመጀመር 60 ጊዜ፣ ለፈተና ለመቀመጥ ደግሞ 100 ጊዜ ጠልቆ በመዝገብ ማስፈር አለበት። እንግዲህ ከሁሉ የከበደው ወጪ በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ነው፤ ይኸውም ጀልባውና አየሩ 100 ጊዜ ነው። ያንን ልጁ ሲሊንደር ተሸክሞ በጉልበቱ ከፍሎታል።

ትምህርት ቤቱን ግን ነፃ አላወጣውም። የኮርሱን ዋጋ በትልቁ ጽፎ የመሣሪያውን ዋጋ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ መግለጽ፣ በሬ ሸጦ ሲያበቃ የገመዱን ለብቻ እንደ መጠየቅ ነው። በዝርዝሩ ግርጌም የትምህርት ቤቱ ዓርማ ያለበት ቦርሳና ካናቴራ ተሰክቶ አገኘሁ። እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳቸው። ከቀሩት መካከል ማኅበሩ ግዴታ ያደረገው የትኛው እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የጨመረውም የትኛው እንደሆነ ልጁ በጽሑፍ እንዲያስመልስ ነገርኳቸው።

ሌላው ችግር የምንዛሪው ነው። ዝርዝሩ በዶላር ተጽፏል፤ ከሄሉ የሚላከው ሽልንግ ነው፤ እኅታችን እንጀራ ሸጣ የምታገኘው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መጽሐፉ አንድ ገጽ ሳይጨመርበት ለእርሷ በእጥፍ ተወደደ ማለት ነው።

በጦር አካዳሚ ሳለን መጽሐፍ በፊርማ ከመጋዘን ይወጣል፤ በፊርማ ይመለሳል። በሽፋኑ ውስጥ ከእኛ በፊት ያነበቡት እጩ መኮንኖች ስም ተደርድሮ እናገኝ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ሕዝብ ነውና ስንት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ያሁኑ የጠላቂዎች መማሪያ ግን አብዛኛው በስልክ የሚነበብና በአንድ ሰው ስም የሚመዘገብ ስለሆነ፣ ያለፈው ተማሪ ለሚመጣው ሊያወርሰው አይችልም። ይህን ስነግራት በጣም ገረማት።

ቀጥላም የጠየቀችኝ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። “ለመሆኑ ለመጥለቅ መጽሐፍ ምን ያደርጋል? ኤል ሶድ የሚገቡት ሰዎች መጽሐፍ አንብበው ነው?” አለችኝ።

ከሞያሌ ወደ ያቤሎ የተጓዘ ሁሉ ኤል ሶድን ያውቃል፤ ባያየው እንኳ ጨውን ቀምሷል። ከጉድጓዱ አፍ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በተኛው ጥቁር ሐይቅ ውስጥ ቦረናዎች ጆሮና አፍንጫቸውን ደፍነው ይገባሉ፤ በረጅም እንጨት እየወጉ ጨውና ጥቁር ጭቃ ያወጣሉ፤ አህዮችም ዳገቱን ተሸክመው ይወጡታል። ለትምህርት የከፈሉት ገንዘብ የለም። የሚከፍሉት በዓይናቸው፣ በጆሯቸውና በቆዳቸው ነው፤ ጨው የበላው ዓይን ደግሞ በእቁብ አይመለስም።

ከዚህም በላይ በሁለቱ መጥለቆች መካከል ልዩነት አለ። የኤል ሶዱ ሰው ይዞ የሚገባው ከደጅ የሳበውን ትንፋሽ ስለሆነ፣ ሲወጣም ያንኑ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1943 ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በሠሩት ዓይነት መሣሪያ የሚጠልቅ ሰው ግን እዚያው ከታች የታመቀ አየር ይስባል። በባሕር 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውኃው ገጽ እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባውን ሞልቶ፣ ደንግጦ ትንፋሹን እንደያዘ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ያ አየር ገጽ ሲደርስ እጥፍ ቦታ ይሻል፤ ሳንባ ይቀደዳል። ከትከሻ እስከ ጉልበት የማይሞላ ጥልቀት እንኳ አደጋ አለው። “ትንፋሽህን ከቶ አትያዝ” የሚለው የመጀመሪያ ትምህርት ከዚህ የመነጨ ነው። አሠልጣኙ ይህን በቃሉ ማወቁ አይበቃም፤ የደነገጠ እንግዳ እጁን ይዞ እንዲተገብረው ማድረግ አለበት።

አሥር አለቃው እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ለእርሱ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በኮሞሮስ የሆነውን አስታወስኩት። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 767 አውሮፕላናችን ተጠልፎ ነዳጁን ጨረሰ፤ ካፒቴን ልዑል አባተም በባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ከሟቾቹ መካከል የነፍስ አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩበት፤ ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፎ መውጫ ከለከላቸው። ከወጡ በኋላ ንፉ የሚለው መመሪያ አጭር ነው፤ ሆኖም በጭንቅ ሰዓት የሚታዘዘው ቀድሞ የሰረጸ ትምህርት ብቻ ነው። ለሕይወት አድኑ ከደረሱት መካከልም ከደሴቲቱ ነዋሪዎች ጋር ለመዝናናት የመጡ ጠላቂዎችና ሐኪሞች ነበሩ።

አሥር አለቃው ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ እንደገና ቆጠረው። ሁለቱም በፊቴ ተስማሙ፦ መመሪያ መጽሐፉን፣ ሰሌዳዎቹንና የሐኪሙን እነርሱ ይሸፍናሉ፤ የፈተናውንና የማመልከቻውን ልጁ ከጎብኚ ከሚያገኘው ጉርሻ ያጠራቅማል፤ ለዚህም ፈተናውን በሁለት ወር ያዘገያል። ልጁም በስልክ እሺ ብሏል።

ገንዘቡ ማክሰኞ ዕለት ከሄሉ ተልኳል። ቆርቆሮው ከሐጋያ ዝናብ በፊት አይደርስም፤ አሥር አለቃው ከመጋዘን ያረጀ ሸራ እንዲፈቀድለት አመልክቷል።