የኪራይ ቤት ዮሴፎች

የእህቴ ልጅ የሚያገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት «አንድ ነገር ተናገርልን» ብሎ የያዘኝ በ2012 ዓ.ም. ለጥምቀት አገር ቤት በሄድኩበት ሰሞን ነው። ልጁ «ጋዜጠኝነት የተማረ አጎት አለኝ» ብሎ ሳያስወራ አልቀረም። ርእሱም ተመርጦ ጠበቀኝ፤ «ወጣትነትና ፈተና»። ሰባኪ አይደለሁም ብዬ ብምልም የሰማኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ርእሱን ስሰማ ዓይኔ ላይ የመጣችው መድረኩ ሳይሆን፣ ከገበያው በስተጀርባ የነበረች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት።

አምባ ጊዮርጊስን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ የምትገኝ የወገራ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ገብስና ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርትም ይበቅልባታል። ማታ ማታ ብርዷ ጋቢ ደርበውም አይቻል። በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ቤት ተከራይተው ይኖሩባታል። እኔም አንዱ ነበርኩ። ለሦስት ተማሪ አንድ ክፍል፣ አንድ መደብ፣ አንድ ኩራዝ፣ አንድ ድስት። በገበያ ቀን እናቴ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ድርቆሽ፣ ሽሮና ቆሎ ታመጣልኛለች። ያንን አራግፋ፣ ግንባሬን ስማ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ «ማታ የት አመሸህ?» የሚል ሰው የለም። 17 ዓመቴ ነበር።

ስለዚህ ለጉባኤው የመረጥኩት የዮሴፍን ታሪክ ነው። ማን የማያውቀው ታሪክ አለ ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ስናወራው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር እንዘላለን። አንደኛው፣ ዮሴፍ ወንድሞቹ ሲጠሉት 17 ዓመቱ ነበር፤ የተሸጠውም አባቱን ትቶ፣ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር፣ ሰው ቤት ነው። የሚያየው ዘመድ የለም፤ ቢያጠፋ አባቱ አይሰማ፣ ቢታገሥ አባቱ አያመሰግነው። ሁለተኛው፣ ልብሱን ጥሎ በመሸሹ ያገኘው ዋጋ በቶሎ እስር ቤት ነው። ልጆችን «ከፈተና ሽሹ፣ ወዲያው ይባረክላችኋል» ብሎ መስበክ የማይሆን የገበያ ወሬ ነው። መሸሽ ያስከፍላል። ዮሴፍ ግን አልተከራከረም፤ እስኪ ልቤን ልፈትነው ብሎም ጥቂት አልቆየም። ወጣ። ይህንን ስናገር አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ እኔም ጥሩ ተናጋሪ የሆንኩ መሰለኝ።

እንደ ደንቡ ጥያቄ በወረቀት ተሰበሰበ። ስም አይጻፍበትም። የመጀመሪያው፣ «ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ልወርድ ነው፤ እዚያ እንዴት ልቁም?» ይላል። ይህ ለደጋ ልጅ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የእኛ አገር ጎረምሳ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሁመራም መተማም ይሄዳል። ወባ አለ፣ ካላዛር አለ፣ የወር ደመወዝ በአንድ ሌሊት የሚያልቅበት መጠጥ ቤትም አለ። ያልኩት ይህን ነው፤ ብቻችሁን አትውረዱ፤ ከአንድ አጥቢያ የምትሄዱ ገንዘባችሁን ከመካከላችሁ በዕድሜ በሰል ላለው አስቀምጡ፤ በደረሳችሁበት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሆነ ጠይቁ። የሁለተኛው ወረቀት ጥያቄ ስለ ስልክ ነበር፤ ሌሊት ብቻውን ስለሚያየው ነገር። «ማታ ማታ ስልክህን ከምታምነው ሰው ዘንድ አሳድረው» አልኩት፤ ሳቁ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ ዘይት እንጂ ቅቤ አልበላም ማለትን ከሕፃንነታችን የለመድነው፣ በትንሹ ነገር እምቢ ማለትን ያወቀ አካል በትልቁም እንዲያውቅበት ይመስለኛል።

ሦስተኛው ወረቀት ሁለት ቃል ብቻ ነበረው። «እርስዎስ፣ ጋሼ?»

የእህቴ ልጅ ከፊት ተቀምጦ ያየኛል። መዋሸት ቀላል ነበር። «በእግዚአብሔር ቸርነት አለፍኩት» ብል ማንም «እውነት?» አይለኝም። አንባቢ ይፍረደኝ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲህ ልል አስቤ ነበር።

ነገርኳቸው። በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ፣ አብሮኝ የተከራየው ጓደኛዬ ከመተማ ገንዘብ ይዞ መጣ። ከገበያው በስተጀርባ ወዳለችው አረቄ ቤት ወሰደኝ። የእሱ ገንዘብ ሲያልቅ የእኔ ተተካ፤ እናቴ ሁለት ዶሮ ሸጣ ለደብተርና ለጫማ የሰጠችኝ። ከዚያች ቤት የወጣሁት ሊነጋ ሲል ነው፤ የቀረውን አልዘረዘርኩላቸውም፣ እዚህም አልዘረዝረውም። ያ ቀን ገበያ ነበር። እናቴ ድርቆሿን ተሸክማ መጣች፤ መልኬን አይታ ግንባሬን ዳሰሰችና «አመመህ ወይ፣ ልጄ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ ውጪ ቆሜ፣ ግድግዳ ተሳልሜ የምመለስ ሆንኩ።

ለምን ከቅጥሩ ውጪ? እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በአገራችን ልማድ የሚቆርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ልጁ ጺም ሲያቀምቅም፣ ልጅቷ ለአካለ መጠን ስትደርስ «በቃ፣ አሁን አይሆንም» ተብሎ ይራቃል፤ እስኪያረጁ። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፣ ልማድ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ሲታገሉት ኖረዋል። ውጤቱን ግን ተመልከቱት። ፈተና የሚጀምርበት ዕድሜና ከመድኃኒቱ የምንርቅበት ዕድሜ አንድ ነው። ቀድሞ ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ጋብቻ ነበር፤ በእኛ አገር ልጅቷ ጡት ሳታወጣ ትዳራለች። ያ ራሱ ስንቷን ልጅ እንደጎዳ እናውቃለን፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል። ደግ አደረጉ። ታዲያ ከ13 ዓመቱ እስከሚያገባበት ድረስ ያለው ዘመን ለወላጆቻችን የማያውቁት አገር ነው። ምክራቸው «አደራ፣ እንዳታዋርደኝ» ላይ ያበቃል።

ለዚህ መልስ የሰጡት ራሳቸው ወጣቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከቤታቸው ርቀው፣ በዚያ በረሃ ተሰባስበው ይጸልዩ ነበር፤ ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት ከእነዚያው ሥር የወጣ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያለው ግቢ ጉባኤ ከቤቱ የወጣን ተማሪ «ብቻህን አይደለህም» የሚለው በዚህ መንገድ ነው። የስምንተኛ ክፍሉ የኪራይ ቤት ተማሪ ግን ግቢ የለው፣ ጉባኤ የለው።

እኔን የመለሱኝ የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው። ለዝክር መጥተው ከደጃፍ አገኙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ብደፋ፣ «አራት ዓመት ሙሉ ብቻህን ተሸከምከው? ምነው ልጄ፣ እኔ እኮ የአንድ ሰሞን ስግደት ነበር የምሰጥህ» አሉኝ። ጓደኛዬ በበኩሉ በሌላ ዓመት ካላዛር ይዞት ጎንደር ተኝቶ ታከመ፤ ዳነ። ሰፈሩ «የኃጢአቱ ዋጋ ነው» አለ። እኔ ከእሱ ምን እሻል ነበር? ካላዛርን የምታመጣው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ጻድቅም ኃጥእም ትነክሳለች።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ የጉባኤው መሪ ፊቱ ከብዶት «ጊዜው ሄዷል» ብሎ መዝሙር ሊያዝ ነበር። ከኋላ «ወረቀት አለ» ተባለ። አራት ቦታ ታጥፎ ከእጅ ወደ እጅ መጣ። የሴት ልጅ እጅ ጽሑፍ ነው። «የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ማታ ማታ በሬን ያንኳኳል። ይህም የእኔ ፈተና ነው? ምን በደልኩ?»

ስለ ዮሴፍ ያን ያህል ተናግሬ፣ ዮሴፍን ያስጨነቀችው የቤቱ እመቤት መሆኗ ለካ አልገባኝም ነበር። የሚያኖረው ሰው፣ የቤቱን ቁልፍ የያዘ ሰው። እኛ ደግሞ ፈተና በተባለ ቁጥር «ቀሚስሽን አስረዝሚ» የምንለው ልጅቷን ነው። «ይህ ያንቺ ኃጢአት አይደለም፤ የእሱ ወንጀል ነው። መውጣት አለብሽ» አልኩ። ካልኩ በኋላ ግን ዝም አልኩ፤ ወዴት ትውጣ? በደጋ ብርድ፣ በዓመቱ አጋማሽ።

ያኔ ለጉባኤው ጠበል ጸዲቅ ያዘጋጁት አንዲት እናት ከበሩ አጠገብ ተነሡ። ማይክራፎን አልጠየቁም። «ማን እንደጻፈችው እንዳትነግሩኝ» አሉ። «እኔ ቤት አንድ ክፍል ባዶ ነው፤ ልጆቼ ከተማ ገብተዋል። ቤት የጠበባት ሁሉ፣ ምክንያቱን ሳትናገር፣ ዛሬ ማታ ትምጣ። የምጠይቀው ኪራይ ጠዋት ቡና ማፍላት ነው።»

ጉባኤው ሲበተን ሦስት ልጃገረዶች ተከተሏቸው። ከሦስቱ የትኛዋ እንደጻፈችው አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱ የሄዱት ሦስተኛዋ እንዳትታወቅ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ሳይጠሩት ተነሥቶ የአንዷን ፍራሽ ሊያመጣላት ሄደ። ሲመለስ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ፣ ድስቷን በእጁ አንጠልጥሎ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ በመንገድ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «እኚያ የነፍስ አባት አሁንም አሉ?»

«አሉ» አልኩት። «ጆሯቸው ብቻ ከብዷል፤ ቀረብ ብለህ መናገር አለብህ።»