ጠይቆ መብላት በቀርጤስ ደሴት

የእረፍት ጉዞና ምግብ ሲነሣ ሙስሊም ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መንገድ ሲከተሉ እናያለን። አንደኛው ወገን «እዚያ ምን እንበላለን?» በሚል ሥጋት ሻንጣውን በድርቆሽ፣ በበሶና በጣሳ ምግብ ሞልቶ ይጓዛል። ሌላው ደግሞ «ለአንድ ሳምንት ነው፤ አላህ መሐሪ ነው» እያለ የቀረበለትን ሁሉ ሳይጠይቅ ይበላል። እኛ ከመድረሳም ከዘመናዊ ትምህርት ቤትም ጥቂት የቀሰምን፣ ኑሯችንን በአውሮፓ ያደረግን ባልና ሚስት ነን። በሐምሌ ወር ከልጆቻችን ጋር በግሪኳ የቀርጤስ ደሴት ሰባት ቀን ስንሰነብት ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ስላየን፣ ለውድ አንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ደሴቲቱና ማዕዷ

ቀርጤስ ከግሪክ ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት። ለእስልምና ታሪክም ባዳ አይደለችም። በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከአንደሉስ የተሰደዱ ሙስሊሞች ይዘዋት እስከ 961 እ.ኤ.አ. ገዝተዋታል። «አል-ኸንደቅ» ብለው የቆረቆሯት ከተማ ዛሬ ኢራክሊዮን የምትባለው ናት። ኋላም በዑስማኒያ አገዛዝ ሥር ቆይታ፣ በ1923 ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ለመለዋወጥ ሲስማሙ በደሴቲቱ የቀሩት ሙስሊሞች ወደ ቱርክ ተሻገሩ። በሐኒያ ወደብ ዳር ያለው መስጊድ ጉልላቱ ዛሬም ያምራል፤ ሶላት ግን አይሰገድበትም። እኛ ባረፍንበት መንደርም «ሐላል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ምግብ ቤት አላገኘንም።

ሆኖም ይህች ደሴት በዓለም የታወቀችው በሥጋ አይደለም። አንሴል ኪስ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች የሚኖሩ ጎልማሳ ወንዶችን አመጋገብና የልብ ጤና ሲያጠኑ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የሚሞተው ሰው እጅግ ጥቂት ሆኖ የተገኘው በቀርጤስ ነበር። የእነዚያ ገበሬዎች ማዕድ የገብስ ዳቦ፣ ጥራጥሬ፣ የዱር ቅጠላ ቅጠል፣ ፍራፍሬና በብዛት የወይራ ዘይት ሲሆን፣ ሥጋ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ነገር ነበር። የሚያስገርመው፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 በተደረገ ሌላ ጥናት የደሴቲቱ ሰዎች አብዝተው የሚናፍቁት ሥጋን ነበር! ድህነት የመሰላቸው ማዕድ ለጤናቸው ጋሻ እንደሆነ አላወቁም። ዛሬ ኑሮው ሲሻሻል ያ ልማድ እየላላ ሄዶ፣ የግሪክ ልጆች ከመጠን በላይ በመወፈር በአውሮፓ ከፊተኞቹ ተርታ ተሰልፈዋል።

የጥያቄው ችግር

ከሁሉ የከበደን የምግቡ ነገር ሳይሆን የልጃችን ስሜት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ የምሳ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ «ይህ ውስጡ ምን አለው?» ስትል ትኖራለች። በመጀመሪያው ምሽት እኛ አስተናጋጁን መጠየቅ ስንጀምር አንገቷን ደፍታ፣ «ሁልጊዜ የምንጠይቀው እኛ ብቻ ነን፤ ለእረፍት መጥተን እንኳ እንደ ሰው ብንበላ ምናለ?» አለች። ይህን ቃል የትኛውም ወላጅ እንደ ቀላል ሊያልፈው አይገባም። ዛሬ በመጠየቅ የምታፍር ልጅ፣ ነገ ከወላጆቿ ርቃ ስትኖር መጠየቁን ትተወዋለች።

ስለዚህ በተግሣጽ ፋንታ ሥራ ሰጠናት። ጥቂት የግሪክኛ ቃላት ጽፈን «ከነገ ጀምሮ አስተርጓሚያችን አንቺ ነሽ» አልናት። የመጀመሪያው ቃል «ኒስቲሲሞ» ነው፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ግሪኮች እንደ አገራችን ክርስቲያኖች ብዙ የጾም ቀናት ስላሏቸው፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት የምግብ ዓይነት ሞልቷቸዋል። ሆኖም ይህ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የጾም ምግብ ወይን ጠጅ ሊገባበት ይችላል። ሥጋ የሌለው ለማለት «ሆሪስ ክሬአስ»፣ ወይን ጠጅ የሌለው ለማለት ደግሞ «ሆሪስ ክራሲ» ይባላል። ሁለቱ ቃላት ስለሚቀራረቡ ረጋ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። የአሳማ ሥጋ «ሂሪኖ» ነው።

በማግሥቱ አንዲት ምግብ አብሳይ እናት የልጃችንን ጥያቄ ሲሰሙ ከመቆጣት ይልቅ እጇን ይዘው ወደ ማድ ቤት አስገቧትና የድስቶቹን ክዳን አንድ በአንድ እያነሡ አሳዩዋት። ቲማቲምና ቃሪያ በሩዝ ተሞልቶ በምድጃ የበሰለውን «ጌሚስታ» ሲያሳዩአት፣ ሥጋ የሌለበት ዓይነት «ኦርፋና» እንደሚባል ነገሯት፤ «የቲሞች» ማለት ነው! ልጃችን እየሳቀች ወጣች። ጥያቄ ለአብሳይዋ ክብር እንጂ ስድብ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ማንም ሳያዛት ራሷ ትጠይቅ ነበር።

ከበላነው ጥቂቱ

ቁርሳችን ብዙ ጊዜ «ዳኮስ» ነበር። ሁለት ጊዜ የተጋገረ ደረቅ የገብስ ዳቦ በቲማቲም ርሶ፣ አይባችንን የሚመስል ለስላሳ አይብና የወይራ ዘይት ይጨመርበታል። «ሆርታ» የሚሉት የተቀቀለ የዱር ጎመን በሎሚና በዘይት ይቀርባል። «ፋቫ» ከቢጫ ክክ የሚሠራ ሲሆን ትንሹ ልጃችን «ሽሮ ነው!» ብሎ ጨረሰው። ዓሣ በኪሎ ስለሚሸጥ ከመጠበሱ በፊት አስመዝኖ ዋጋውን ማወቅ ይበጃል። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የኮከብ ምልክት ያለበት ዓሣ በአብዛኛው ከበረዶ የወጣ ነው።

ማዕዱ ሲያበቃ ባለቤቶቹ ፍራፍሬና «ራኪ» የተባለ ጠንካራ መጠጥ በነፃ ያቀርባሉ፤ የእንግዳ አክብሮታቸው ነው። እኛም እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን አመስግነን ፍራፍሬውን ወሰድን፤ በመጠጡ ፋንታ «ማሎቲራ» የሚባለውን የተራራ ሻይ ጠየቅን። የተቀየመን ሰው አልነበረም።

ልብ ልንለው የሚገባ

ሐላል መሆን ብቻውን በደንብ መብላት አይደለም። በትልልቅ ሆቴሎች እንደ ልብ አንሡ ተብሎ የሚደረደረው ምግብ ሰውን ከሚበቃው በላይ ያስነሣዋል፤ የተረፈውም ይጣላል። አላህ (ሱ.ወ.) ብሉ ጠጡ ሲል አታባክኑም ብሎናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለምግብ የሆድን ሲሶ ብቻ መድበዋል። የወይራ ዛፍ በቁርኣን የተባረከች ተብላ ተወስታለች፤ አቼቶንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ ማባያ አወድሰዋል። የቀርጤስ ድሀ ገበሬ ማዕድ ከእነዚህ የራቀ አልነበረም።

ውድ ወላጆች፣ ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ብትሆኑም ልጆቻችሁን በትሕትና መጠየቅን አስተምሯቸው። ስንቅ ያልቃል፤ የመጠየቅ ልማድ ግን በሄዱበት ሁሉ አብሯቸው ይኖራል። ወላሁ አዕለም።