ከአረንጓዴው ጎን ያለው ነጥብ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ተጓዥ ግን አሁንም ሦስት የተለያዩ የአዲስ አበባ በሮች አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ አንዷ በጅማ መንገድ፣ አንዷ በአምቦ መንገድ፣ አንዷ በጎጃም መንገድ። እኔ በሦስቱም በር የወጣሁት አንድ ነገር ፍለጋ ነው። ሌዘር ውስጥ የለም የሚባለውን ቀለም በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

የሌዘር ብርሃን ባለ አንድ ቀለም ነው ብለው አስተምረውናል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ አምፖል ቀለሙን ሁሉ ቀላቅሎ ሲረጭ ሌዘር ከአንድ ጠባብ የሞገድ ርዝመት አይወጣም። ይሁን እንጂ በየመንገዱ የሚሸጠው አረንጓዴ ሌዘር ይህን ትምህርት እስከ መጨረሻው አይታዘዝም። ከአረንጓዴው ጋር ሌሎች ብርሃኖችም ይወጣሉ፤ ያውም አንዳንዴ ከአረንጓዴው የበረቱ።

ከአየር ጤና የተነሣው ሚኒባስ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ሲያወርደኝ ገበያው ደርቷል። መሣሪያዬን ያገኘሁት ከአንድ ሱቅ በደረቴ ነው። ከቻርጀርና ከጥፍር መቁረጫ መሐል መዝዞ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ይውሰዱ፣ ወጨጫ ተራራ ድረስ ትሄዳለች» አለኝ። ጎኗ ላይ ከ5 ሚሊዋት በታች የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባታል። አጠገባችን ሁለት ሕፃናት በዚያው ዓይነት ሌዘር የአንዱን ሸሚዝ፣ የሌላውን ግንባር እያነጣጠሩ ይጫወቱ ነበር። ተው ብያቸው ተዉ፤ ግን ለምን እንደከለከልኳቸው በቅጡ ለማስረዳት የእቃዋን ሆድ መግለጥ ያስፈልጋል።

አረንጓዴ ሌዘር ከምንጩ አረንጓዴ አይደለም። በውስጡ ያለው ዳዮድ የሚያመነጨው 808 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ዓይን ፈጽሞ ሊያየው የማይችል ሊባል ጥቂት የቀረው ኢንፍራሬድ ነው። ይህ ብርሃን ኒዮዲሚየም የተቀላቀለበት አንድ ትንሽ ክሪስታል ይመግባል፤ ክሪስታሉም በፈንታው 1064 ናኖ ሜትር የሆነ፣ ጭራሽ የማይታይ ሌላ ኢንፍራሬድ ያወጣል። ቀጥሎ ኬቲፒ የሚባል ሁለተኛ ክሪስታል አለ። እሱ የሞገዱን ድግግሞሽ እጥፍ ያደርገዋል፤ የክራር ክር እኩሌታው ላይ ሲጫኑት ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እንደሚመለስ ማለት ነው። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ በግማሽ ያጥርና 532 ናኖ ሜትር ይሆናል። አረንጓዴው የሚወለደው እዚህ ነው፤ የሁለት የማይታዩ ብርሃኖች ልጅ ነው። (በቀጥታ አረንጓዴ የሚያመነጩ አዳዲስ ዳዮዶች አሉ፤ ስለ እነሱ አይደለም የማወራው።)

በዚህ ቅብብሎሽ 808ቱም 1064ቱም ሙሉ በሙሉ አያልቁም። የተረፈው ኢንፍራሬድ ከአረንጓዴው ጋር እንዳይወጣ መውጫው ላይ ቀጭን ማጣሪያ መቀመጥ አለበት። በርካሹ እቃ ላይ ማጣሪያው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ደማቅ ብርሃን ዓይን ላይ ሲያርፍ የዓይን ቆብ በሩብ ሰከንድ ገደማ ይከደናል፤ ለኢንፍራሬድ ግን አይከደንም፤ አላየውማ! የዓይን ሌንስ ግን የማይታየውንም ብርሃን እንደሚታየው ሰብስቦ ሬቲና ላይ ያሳርፈዋል። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። በትምህርት ቤቱ በኩል ሳልፍ ልቤ እነዚያ ሁለት ሕፃናት ዘንድ ነበር። የዓይን ብርሃን እንደ ዋዛ የሚነካ ነገር አይደለም።

ወደ ቡራዩ የሄድኩት በአስኮ በኩል ነው። የገፈርሳን ግድብ ለማየት ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ቀጥታ የገባሁት አንድ የማውቀው ወጣት የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ነው። ከእሱ የፈለግሁት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ያልተጫረ ሲዲ። ሁለተኛው ኢንፍራሬድ የሚያይ ካሜራ። የስልክ የኋላ ካሜራ ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬድ የሚከለክል ማጣሪያ ስላለው አይሆንም፤ ወጣቱ ግን ማጣሪያው የተነሣለት አሮጌ የኮምፒዩተር ካሜራ ነበረው። በቴሌቪዥን ሪሞት ፈተንነው። ሪሞቱን ስንጫን ለዓይናችን ምንም አልታየንም፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሪሞቱ አፍንጫ ቦግ ቦግ አለ።

ሲዲ ያስፈለገኝ በላዩ ያሉት ረድፎች በ1.6 ማይክሮ ሜትር ርቀት ስለተደረደሩ ነው። ይህ ርቀት ለብርሃን ቀለም መለያ እንዲሆን ያበቃዋል፤ እያንዳንዱን የሞገድ ርዝመት በየራሱ ማዕዘን ይመልሰዋል። ነጭ ካርቶን መሐሉን በሳን፤ ሌዘሩን ከካርቶኑ በስተጀርባ አስረን በቀዳዳው አሳልፈን አንድ ሜትር ርቆ የቆመው ሲዲ ላይ አሳረፍነው። ሁለታችንም ከካርቶኑ ኋላ ሆነን መጀመሪያ ወደ ካርቶኑ ያየነው በስክሪኑ ብቻ ነው። ይህን ጥንቃቄ ሳያደርግ ማንም እንዳይሞክረው፤ ሲዲ መስታወት ነው፣ ይመልሳል።

ስሌቱን አስቀድሜ በወረቀት ይዤ ነበር። 532ቱ አረንጓዴ በ19 ዲግሪ ተመልሶ ከቀዳዳው 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ መውደቅ አለበት። የአረንጓዴው ሁለተኛ ረድፍ ደግሞ በ42 ዲግሪ ገደማ ይመለስና 89 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል፣ 58 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ አረንጓዴ ብርሃን የሚያደርሰው ምንም ምክንያት የለም። እዚያ ቦታ ላይ ነጥብ ከታየ 808 ነው።

ታየ። ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ሐምራዊ ሆኖ፣ ሰፋ ብሎ፣ ካሰብኩት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። ወጣቱ ካሜራውን ወደ ጎን አድርጎ ካርቶኑን በባዶ ዓይኑ ተመለከተው፤ እዚያ ቦታ ላይ ካርቶን ብቻ ነው ያለው። መልሶ ስክሪኑን አየ። «ይሄ ነጥብ ከየት መጣ?» አለኝ። ከዚያች ትንሽ እቃ ሆድ፣ አልኩት፤ መጀመሪያውኑም ስታበራ የነበረው እሱን ነው።

የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ይህንኑ ነው። የገዟቸው አረንጓዴ ሌዘሮች ዋጋቸው 15 ዶላር ነበር። ከእነሱ አንዱ አረንጓዴው ደብዛዛ ሆነባቸው፤ ሲለኩት ከአረንጓዴው ከአሥር እጥፍ በላይ ኢንፍራሬድ ይለቅ ነበር። የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ብለው በሲዲና በካሜራ የሚሠራ መፈተኛ አብረው አሳተሙ። እኔ በቡራዩ የተከተልኩት የእነሱን ፈለግ ነው። የእኛ ካሜራ መጠን አይለካም፤ መኖሩን ብቻ ይመሰክራል። የሚያሳስተው ግን ደብዛዛው ሌዘር ደካማ መስሎ መታየቱ ነው። ሕፃን ልጅ «ይቺ አትጎዳም» ብሎ ዓይኑ ላይ የሚያደርጋት እሷን ነው።

ከዋናው ጎን ያለ ትንሽ ነጥብ በሌዘር ታሪክ ውስጥ ክብሩ ትልቅ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ የሩቢ ሌዘርን ቀይ ብርሃን፣ 694.3 ናኖ ሜትሩን፣ በኳርትዝ ክሪስታል አሳለፉ። በሌላኛው ወገን ከቀዩ ጋር 347.2 ናኖ ሜትር የሆነ፣ የማይታይ አልትራቫዮሌት ወጣ፤ ልክ ግማሹ። ማስረጃቸው በፎቶግራፍ ላይ ያረፈች አንዲት ፈዛዛ ነጥብ ነበረች። ጽሑፉ በታዋቂው የፊዚክስ መጽሔት ሲታተም ነጥቧ የለችም፤ ቆሻሻ ናት ተብላ ለኅትመት ሲዘጋጅ ጠፍታለች። አንባቢው ቀስት የተቀሰረበት ባዶ ቦታ አገኘ። ዛሬ በየገበያው ያለው፣ ከኢንፍራሬድ የሚወለድ አረንጓዴ ሌዘር በሙሉ የዚያች የተፋቀች ነጥብ ዘር ነው።

ነገሩ ወደ ዳዮድ ለመድረስ አልዘገየም። የጋልየም አርሰናይድ ዳዮድ ሌዘር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1962 ተሠራ። በዓመቱ፣ በ1963፣ የአይ ቢ ኤሞቹ አርምስትሮንግ፣ ናታንና ስሚዝ ከዚያ የኢንፍራሬድ ዳዮድ ውስጥ እጥፍ ድግግሞሽ ያለው ብርሃን አብሮ እንደሚወጣ አሳዩ። ሁለተኛ ክሪስታል አልጨመሩበትም። ዳዮዱ ብርሃኑን የሚያፍነው ከጠጉር በቀጠነ ቦይ ውስጥ ስለሆነ ጥንካሬው የራሱን ቁስ እጥፍ ቀለም እንዲወልድ ያስገድደዋል። ጋልየም አርሰናይድ ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ወዲያው የሚውጥ ቁስ ነው፤ ስለዚህ ከተወለደው አብዛኛው እዚያው ውስጥ ይቀራል፣ ጫፉ ላይ የተወለደው ብቻ ያመልጣል። እኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። በአገራችንም ብርሃን ሲባዛና ሲከፈል የሚሆነውን በቀመር የሚመረምሩ አሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኳንተም ኦፕቲክስን ያስተማሩት ፍስሐ ካሣሁን በመስኩ መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሰዋል።

ከሱቁ ስወጣ መንገድ ዳር የፋይበር ሠራተኞች ሳጥን ከፍተው ክር ይቀጥሉ ነበር። አንደኛው ቀይ ብርሃን ያላት እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ በክሩ ጫፍ ሰካ፤ ክሩ የተሰበረበት ቦታ ላይ ቀይ ፈንጥቆ ታየ። ቀዩ ለሠራተኛው ዓይን የተሠራ ነው። ኢንተርኔቱን የሚሸከሙት ግን 1310፣ 1490፣ 1550 ናኖ ሜትር የሚባሉት የማይታዩት ናቸው። እዚያ ቆሜ ስለ ረጅሙ መስመር አሰብኩ። ከሰበታ የሚነሣው ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ጅቡቲ የእኛ ኢንተርኔት ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር ከሚገናኝባቸው በሮች አንዱ ነው። ብርሃን በጥሩ ፋይበር 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከመቶ አንድ እጁ ገደማ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ በዓለም ላይ ረጃጅም መስመሮች ኤርቢየም በተቀላቀለበት ፋይበር እየበረቱ ይሄዳሉ። ኤርቢየሙን የሚመግበው 980 ናኖ ሜትር የሚያወጣ ዳዮድ ነው። የሚገባው አይታይም፤ የሚበረታው ምልክትም አይታይም፤ ፋይበሩ ግን አረንጓዴ ይበራል! አንዱ የኤርቢየም አቶም ሁለት የማይታዩ ምግቦችን በተከታታይ ወስዶ በአንድ ትንፋሽ ስለሚተፋቸው ነው። መሐንዲሱ ያላዘዘው ቀለም ነው፤ ለዓይን ግን ደስ ይላል።

ሱሉልታ የሄድኩት ለብርዱ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ትከሻ የሚሻገረው መንገድ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበትን የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ጋራ ይዞ ይወርዳል። ከዋክብት የሚያሳዩ ሰዎች አረንጓዴ ሌዘር ይወዳሉ፤ ጨረሩ በአየር ላይ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይታያልና። እነሱ የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ፤ ሌሊቱ ሲበርድ አረንጓዴው ይደክማል፣ በመዳፋቸው አሙቀው ይመልሱታል።

ምክንያቱን ከቡራዩ ይዤ በመጣሁት ሲዲ፣ ካርቶንና ካሜራ በሱሉልታ በአንድ የፊዚክስ መምህር ግቢ ፈተሽነው። በአካባቢው የሚለማመዱት ሯጮች ልምምዳቸውን ጨርሰው ገብተዋል፣ ሜዳው ላይ ጉም ይወርድ ጀምሯል። ሌዘሯን ደጅ አሳደርናት ማለት ይቻላል፤ እራት እስክንበላ ውጭ ቆየች። ስናበራት አረንጓዴዋ ሙሽሽ ብሏል። ዳዮድ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያወጣው የሞገድ ርዝመት በየዲግሪ ሴልሺየሱ 0.3 ናኖ ሜትር ገደማ ያጥራል፤ አሥራ አምስት ዲግሪ ሲወርድ አራት አምስት ናኖ ሜትር ይስታል ማለት ነው። ኒዮዲሚየሙ ደግሞ የሚወደው 808ን ነው፤ የሳተውን በደንብ አይወስድለትም። ሳይወሰድ የቀረው በቀጥታ ወደ ውጭ ያልፋል። በካሜራው ስናይ የ58 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ ከቡራዩው ደምቆ ነበር። በብርድ አረንጓዴው ሲቀንስ የማይታየው ይጨምራል።

የመምህሩ ልጅ ሁሉንም ስትከታተል ቆይታ፣ «አባዬ፣ 1064ቱስ የታለ?» አለችው። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ሲዲው 1064ን የሚጥለው 89 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የአረንጓዴው ሁለተኛ ረድፍ ከሚወድቅበት ላይ በትክክል ነው፤ የአንዱ ሁለት እጥፍ ስለሆነ ከሥሩ ተደብቋል። መምህሩ ጓዳ ገብቶ አሮጌ የፎቶ ፊልም ይዞ መጣ፤ ታጥቦ ጫፉ ጥቁር የሆነ ባለ ቀለም ኔጌቲቭ። ጥቁሩ ጫፍ የሚታየውን ብርሃን ይከለክላል፣ ኢንፍራሬድን ያሳልፋል። በካሜራው አፍ ላይ ስናደርገው አረንጓዴዎቹ ነጥቦች ከስክሪኑ ጠፉ። የ58ቱ ቀረ። 89 ላይ ደግሞ፣ የካሜራው ሲሊከን የሚያየው ድንበር ላይ ስለሆነ እጅግ ፈዝዞ፣ አንድ ነጥብ ቆየ።

«ስለዚህ ሦስት ቀለም ነው» አለች ልጅቷ። እንዳየነው ሦስት ነው፤ 532፣ 808 እና 1064። የአይ ቢ ኤም ሰዎች ባዩት መንገድ ከሄድን ግን 808 የሚያወጣው ዳዮድ ራሱ 404 ናኖ ሜትር ላይ የራሱን እጥፍ፣ ሐምራዊ ጭላንጭል፣ ሊወልድ ይገባዋል፤ እሱም በሲዲው ከቀዳዳው 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይወድቃል። ለእሱ የኛ ካሜራ አይበቃም፤ ዳዮዱን ከክሪስታሎቹ ነጥሎ በስፔክትሮሜትር ማየት ይጠይቃል። መምህሩ ሌዘሯን ከባትሪዋ ለይቶ ቁም ሣጥን ላይ ከልጆች እጅ አራቀና፣ ዳዮዱን ከሌላ ከተበላሸ እቃ እንፈልግ አለኝ፤ ስሌቱን ልጅቷ በደብተሯ ጻፈችው።